የማናለብሽ ድብልቅ

ሰው ስለ ማናለብሽ ሲያወራ እኔ ከደረስኩ ወሬው ይቆማል። ለምን እንደሚቆም አውቃለሁ። ስለዚህ ሌላው አዛብቶ ከሚያወራው ራሴው ላውራው ብያለሁ። እንግዳው እባላለሁ። የማናለብሽ ጎረቤት ነኝ፤ ድንበራችን አንድ ነው።

እሷ ስልሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሴት ናት። እኔ በአሥራ አምስት ዓመት አንሳታለሁና እታለም እያልኩ ነው ያደግሁት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ወንድ ልጇ ጫግኒ ላይ እህል ይነግዳል፣ ሴቷ ዳንግላ አግብታ ቀርታለች። የማናለብሽ እንጀራ ጭቃ ነው። ለስድብ አይደለም፣ እውነቴን ነው፤ ከእኛ ቀበሌ እስከ እንጅባራ ድረስ ግድግዳ የሚያስመርግና ቤት የሚያስለቀልቅ ሰው ሁሉ እሷን ነው የሚጠራው። አፈሩን ራሷ ትመርጣለች፣ ጭዱን ራሷ ትበትናለች፣ ረግጣ ታሳድረዋለች፣ በማግስቱ ደግማ ትረግጠዋለች። "ዛሬውኑ ይመረግልኝ" ያላትን ባለቤት በአዊኛ ታጥበዋለች፤ ሰውየው አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ ቁጭ ብላ ስድቡን አንድ በአንድ ትተረጉምለታለች። ያላደረ ጭቃ ግድግዳ አይይዝም ባይ ናት። እሷ የመረገችው ቤት ሃያ ክረምት ቆሞ አይቻለሁ።

ግድቡ ወደ እኛ የመጣው ከአሥር ዓመት በፊት ነው። የመስኖ ግድብ ነው፤ ከአዲስ ቅዳም ወረድ ብሎ ያለውን ሜዳ ሊያጠጣ። ውኃው ሲተኛ የማናለብሽ መሬት ግማሹ ከሥሩ ቀረ፣ የእኔም ቀረ። በተረፈችን ላይ ቤት ሠራንና የውኃ ዳር ሰዎች ሆንን። ያልነገሩን ነገር ቢኖር ውኃው በወሰደው ላይ የማይቆም መሆኑን ነው። በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ለመስኖ ሲለቀቅ ይወርዳል። ሲሞላ ማዕበሉ ዳሩን ይመታል፤ ሲወርድ የራሰው አፈር እየተናደ ይከተለዋል። ቀይ አፈራችን ደግሞ ሲደርቅ ድንጋይ ነው፣ ሲርስ ግን አጥሚት ነው። በየዓመቱ አራትም አምስትም እርምጃ መሬት ይሄዳል። የማናለብሽ ቤት መጀመሪያ ከውኃው ሃምሳ እርምጃ ይርቅ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት መስከረም ላይ ስትለካው አሥራ አራት ቀርቶታል። ከዚያ ወዲያ ቤት የምትሠራበት ስንዝር መሬት የላትም።

እኛ ምን አደረግን መሰላችሁ? ደከረንስ የሚባለውን የከሰል ዛፍ ተከልን። የእኛ አገር ሰው የጨነቀው እንደሆነ ደከረንስ ይተክላል። ከሰላችን ከእሱ ነው፣ የልጆች ደብተር ከእሱ ነው፣ ጣራችን ከእሱ ነው፤ እንግዲህ ዳሩንም ይይዝልናል አልን። ከሥሩ ሳር አያበቅል፣ በአምስት ዓመቱ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፤ ይህን ማሰብ ያቃተን ጉዶች ነን። በክረምቱ ዛፉ ከነአፈሩ ውኃ ውስጥ ሲገባ ቆመን አየን፤ በዓመቱ እዚያው ደግመን ተከልን። እኔ ሁለት ጊዜ ተክያለሁ።

ዮርዳኖስ የመጣች ጊዜ እንዲህ ነበርን። ዮርዳኖስ ከእንጅባራ የተላከች የአፈር ባለሙያ ናት፤ ገና ሠላሳ ያልሞላት፣ ቦቲዋ ከጭቃ የማይጠራ ልጅ። ሰብስባን፣ ውኃው የቆረጠውን ገደል በዶማ አስተኝተን ተዳፋት አድርገን፣ አፈሩን ከተቃጠለ ኖራ ጋር ደባልቀን፣ እየጠቀጠቅን መልሰን ከላይ ሳር እንትከልበት አለችን። ሳቅንባት። ኖራ ለእኛ የማሳ ነገር ነው። አፈራችን ኮምጣጣ ስለሆነ ገብሱ ቢጫ ሆኖ ይቀራል፤ ኖራ የተበተነበት እንደሆነ ግን ቀና ይላል። እኔ የማሳ ኖራ ለማግኘት ተመዝግቤ አራት ዓመት ጠብቄያለሁ፤ ስሜ ሁልጊዜ ከማለቂያው መስመር በታች ነው። እና ለእርሻዬ ያጣሁትን ኖራ ለውኃ ሊያበሉት ነው ብዬ አንጀቴ ቅጥል አለ። እውነቱን ልናገር ካልኩ ከዚህ ልጀምር።

ዮርዳኖስ በመጀመሪያው ቀን አንድ ቁራጭ ቦታ ላይ ሠርታ አሳየችን። ደባለቀች፣ ወዲያው አስጠቀጠቀች፣ በሦስተኛው ቀን ተሰነጣጠቀ። ሰዉ እየሳቀ ሲበተን ማናለብሽ ብቻ ቀረች። እጇን አጣምራ ስታይ ቆየችና፣ "ልጄ፣ አላሳደርሽውም እኮ" አለቻት።

"ምን ማለትዎ ነው?"

"ኖራውና አፈሩ አልተዋወቁም። ደባልቂው፣ ውኃ አጠጪው፣ ሸፍነሽ አሳድሪው። ነገ ስትረግጪው ሌላ ነገር ሆኖ ታገኚዋለሽ።"

ልጅቱ አልተኮፈሰችም፤ ይህን ወደድኩላት። እሺ ብላ ለማናለብሽ አንድ ጆንያ ኖራ ሰጠቻት። ማናለብሽ ሳምንት ሙሉ ግቢዋ ውስጥ ስታድቦለቡል ከረመች። ለሃያ እጅ አፈር አንድ እጅ ኖራ፣ ለአሥራ ስድስት አንድ፣ ለአሥራ ሁለት አንድ። ከዚያ ጠራችን። ጀሪካን ለሁለት ቆርጣ ውኃ ሞልታበታለች። ኖራ ያልገባበትን ድቡልቡል ጣል ስታደርገው አንድ ወሬ አውርተን ሳንጨርስ ፈርሶ ውኃው ቀላ። ለአሥራ ሁለት አንድ የገባበት ግን ተቀምጧል። በማግስቱም ተቀምጧል። በሦስተኛው ቀን አውጥታ ጥፍሯን ብትጭነው አልገባላትም። ዮርዳኖስ አፏን ይዛ፣ "ይህን ማን አስተማረዎት?" አለቻት።

"ግድግዳ" አለቻት ማናለብሽ።

ዮርዳኖስ ደብተሯ ላይ "የማናለብሽ ድብልቅ" ብላ ጻፈችው። ማንበብ የማትችል ሴት ስሟ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፎ ስታይ ምን እንደሆነች ብታዩ። ደብተሩን ተቀብላ "የትኛው ነው የኔ ስም?" አለች፤ ልጅቱ በጣቷ አሳየቻት፤ ማናለብሽ ረጅም ጊዜ አየችው።

ስምምነቱ እንዲህ ሆነ። መጀመሪያ የማናለብሽ ዳር ሰማንያ እርምጃው ይሠራል። አንድ ክረምት ከቆመ ሠላሳችንም አባወራዎች በየተራችን እንሠራለን። ካልቆመ ነገሩ ይቀራል። ዮርዳኖስና ማናለብሽ ሰፍረው አርባ ስምንት ጆንያ ኖራ ይበቃል አሉ፤ ሚያዝያ ላይ አርባ ስምንቱም በአይሱዙ መጣ። በማግስቱ መንገዱ ለጭነት መኪና ተዘጋ። እስኪከፈት ድረስ ኖራ የሚባል ነገር ወደ እኛ እንደማይደርስ ሁላችንም አውቀናል። ኖራ እርጥበት አይወድምና የት ይቀመጥ ሲባል ማናለብሽ፣ "እንግዳው የከሰል መጋዘን አለው፤ ቆርቆሮው አያፈስም። እሱ ጋ ይሁን፣ ጎረቤቴ ነው" አለች። ቁልፉ የኔ ነበር።

የሠራሁትን ሥራ በጨለማ የሠራሁት እንዳይመስላችሁ። በጠራራ ፀሐይ ነው፤ የግንቦት ሚካኤል ዕለት፣ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ። በበዓል ቀን ሥራ አይሠራ፣ ጆንያ መሸከም ግን ሥራ አይደለም ብዬ ራሴን አታለልኩ። በማግስቱ ድንች ልተክል መሬቱን አለስልሼ ጨርሼ ነበር። አራት ጆንያ ወሰድኩ። ከአርባ ስምንት አራት ምን ያጎድላል አልኩ። ኖራውን ገልብጬ ባዶ የቀሩትን ጆንያዎች ደግሞ ካቻምና ከሰል ካወጣሁበት ጉድጓድ ነጭ ነጩን አመድ በወንፊት ነፍቼ ሞላኋቸው፣ አፋቸውን ሰፋሁ፣ ከሌሎቹ ኋላ ደረደርኳቸው። አመድና ኖራ ለዓይን ያን ያህል አይለያዩም።

የማሳ ኖራ እጅ አይበላም። ይህኛው በላ። በማግስቱ ድንቹን በየጉድጓዱ ከኖራው ጋር ስጨምር ውዬ ማታ መዳፌ ተላላጠ። ሚስቴ ውብአየሁ "ምን ነካህ?" ብትለኝ "ገመድ ነው" አልኳት። ለማሳ የሚሆነው ኖራና ለዳሩ የመጣው የተቃጠለው ኖራ አንድ አለመሆኑን ዮርዳኖስ ስብሰባ ላይ ተናግራ ነበር። እኔ የዚያን ቀን ስለ ወረፋዬ እየተነጫነጭኩ ነበር፤ አልሰማሁም።

ሥራው ሲጀመር መላው ሰው ወጣ። ውኃው ወርዶ ነበርና ገደሉን አስተኛን፣ አፈሩን በባሬላ ተሸከምን፣ አሥራ ሁለት ባሬላ አፈር ሲመጣ አንድ ባሬላ ኖራ ይገባል፤ ቆጣሪው እኔ ነበርኩ። ማናለብሽ ቀሚሷን ሰብስባ ቦቲ አጥልቃ መሀል ላይ ቆማ ታዛለች። ያላደረውን አታስነካም። ያደረውን በግንድ እንጠቀጥቃለን፣ እሷ ተረከዟን ጭና ትፈትሻለች፣ ካልወደደችው "አፍርሱት" ትላለች። ሁለት ጊዜ አስፈርሳናለች። የአዊኛ ስድብ የማያውቅ ሰው ያን ሰሞን አወቀ።

በመጨረሻው ቀን የቀረው በኔ ድንበር በኩል ያለው አሥር እርምጃ ነበር። የቀሩትም ጆንያዎች የኔዎቹ አራቱ ናቸው። ማናለብሽ የመጀመሪያውን ፈትታ እጇን ሰደደች። አወጣችና በጣቶቿ አሸችው።

"እንግዳው፣ ይሄ ለሰለሰብኝ" አለች። "ቀለሙም አላማረኝም።"

ዓይኔን በጨው አጥቤ ዓይኗን እያየሁ፣ "ትንሽ አፍስሶበት ነው እታለም" አልኳት። "እርጥበት ሲነካው እንዲህ ይሆናል።"

ጆንያውን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ጣቷን አንድ ጊዜ ደግማ አሸችው።

"አንተ ካልክ" አለችና አስገለበጠችው።

ሐምሌ ገባ፣ ነሐሴ ገባ፣ ውኃው ሞላ። ማዕበሉ በወዲያኛው በኩል ያለውን ዳር እንደ ልማዱ ሲበላ የማናለብሽ ዳር አንዲት ጓል አላስነካም። ሰው ጋቢውን ለብሶ እየመጣ ያያል። አንዳንዱ ወርዶ በእግሩ ይመታዋል። እሷ በር ላይ ተቀምጣ ቡላ ሻሿን እያስተካከለች ዝም ብላ ታየዋለች፤ ደስ እንዳላት ያስታውቃል። ሠላሳው አባወራ ተራ መያዝ ጀመረ። እኔም ልቤ ወደ ቦታው ተመለሰ። አየህ፣ አራት ጆንያ ምንም አላጎደለም አልኩ። ድንቹ ግን ቅጠሉ እያረረ፣ ግማሹም ሳይበቅል ቀርቶ ነበር። ዘሩ መጥፎ ነው ብዬ ለውብአየሁ ነገርኳት።

መስከረም ላይ፣ ቅዳሜ፣ ከአዲስ ቅዳም ገበያ ስመለስ ከላይ ከመታጠፊያው ላይ ሰው ተሰብስቦ አየሁ። የሞተ ሰው ያለ መስሎኝ እግሬን አነሳሁ። ደርሼ ያየሁትን እስከ ዛሬ በሕልሜም አየዋለሁ። ሰባው እርምጃ እንደ ግድግዳ ቆሟል። በኔ ድንበር በኩል ያለው አሥሩ የለም። ውኃው በዚያች ቀዳዳ ገብቶ የቆመውን ከኋላው ዞሮ ጎድጉዶታል፤ የማናለብሽ ቤት የጓዳው ግድግዳ ሄዷል፣ ጣራው ወደ ውኃው ተንጠልጥሏል። የያዝኩት ጨው ከእጄ ወድቆ ሰው ሲረግጠው አየሁ፣ ጎንበስ ብዬ ማንሳት እንኳ አልቻልኩም።

እሷ ደህና ነበረች፤ ውጭ ነበረች። ሰው ከቤቱ የተረፈውን እያወጣ ሲሮጥ እሷ ቀዳዳዋ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ከተናደው አፈር ጓል አንስታ ትፈረፍራለች። በጣቶቿ መሀል እንደ በሶ ዱቄት እየፈሰሰ ነው። ቀና ብላ አየችኝ።

"ድብልቄ ነው እንግዳው" አለችኝ። "ድብልቄ ከዳኝ።"

ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ። ዕቃ ከሚያወጡት ጋር ተቀላቀልኩ።

ማደሪያ ስታጣ ውብአየሁ እጇን ይዛ እኛ ቤት አስገባቻት። እንግዲህ አስቡት። ቤቷን ያፈረስኩባት ሴት ቤቴ ውስጥ ትተኛለች፣ ከኔ ጋር ከአንድ ትሪ ትበላለች፣ ጠዋት "እንዴት አደርክ" ትለኛለች። ማታ ማታ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት።

"ቆጣሪው አንተ ነበርክ። እዚያች ጋ ስንደርስ ተሳስቼ ነበር? አፈሩን አሥራ አምስት አስገብቼ ይሆን?"

"እንጃ እታለም። አላስታውስም።"

"አስታውስ እንጂ። ካልተሳሳትኩ ድብልቁ ራሱ ውሸት ነበረ ማለት ነው።"

ከመጋዘኔ ወለል የተረፈውን ኖራ ጠርጋ ሰብስባ እንደገና ማድቦልቦል ጀመረች። በየቀኑ ጀሪካኑ ውስጥ ትጥለዋለች፣ በየቀኑ ይቆማል። እሷ ግን ሲቆም ነው የባሰ የምትጨነቀው። "ይሄ ከቆመ ያ ለምን ሄደ?" ትላለች ለራሷ። አንድ ቀን ከእንጅባራ አንድ ሰው ግድግዳ ሊያስመርግ በባጃጅ ሊወስዳት መጣ። ከሠላሳ ዓመት በላይ እምቢ ብላ የማታውቀውን ሥራ፣ "ሌላ ሰው ፈልግ፤ እጄ አርጅቷል" ብላ መለሰችው። ሰውየው ሲሄድ ቆሜ አየሁ። ሆዴ እያወቀ ቆሜ አየሁ።

ሰውም ተገለበጠ። ሰባው እርምጃ ቆሞ ሳለ የሚያየው ጠፋ። "ዛሬ አሥሩ፣ ነገ ሰባው" ይላል ሁሉም። ዮርዳኖስን በነገር ወጓት። የቀበሌው ሊቀመንበር ክንዴ ሐሙስ ስብሰባ ጠራ፤ ነገሩ ሊዘጋ፣ በዳሩም ደከረንስ እንዲተከል ሊወሰን። የቆመውን ሰባ እርምጃ ሳይቀር ለችግኝ ሊቆፍሩት ነው።

ረቡዕ ዕለት ውብአየሁ ድንቹን ልታይ ማሳ ወርዳ ነበር። ስትመለስ ነጠላዋ ጫፍ ላይ የቋጠረችውን ነገር ፊቴ ፈታችው። ነጭ ጓል ነው፤ ድንቹ ጉድጓድ ውስጥ ሳይሟሟ የቀረ ኖራ። ማናለብሽ ውጭ ናት፣ የጀሪካኑ ውኃ ሲንቦጫረቅ ይሰማል።

"ይህ ምንድነው?" አለችኝ።

መዳፌን ገልብጣ አየችው፤ ጠባሳው እንዳለ ነው። ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር እንደዚያን ቀን አይታኝ አታውቅም።

"ገመድ ነው አልከኝ" አለች። "ዘሩ መጥፎ ነው አልከኝ። እሷን ደግሞ ቤቴ እያስተኛሁ እያባበልኳት ነው፣ ቆጠራ ነው የተሳሳትሽው እያልኩ።" ጓሉን መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። "ለኔ ምንም አትንገረኝ። ነገ ስብሰባ አለ።"

ስብሰባው ላይ ክንዴ ተናገረ፣ ሌሎች ተናገሩ። ዮርዳኖስ ሰባውን ሂዱና እዩት ብትል አጉረመረሙባት። ከዚያ ማናለብሽ ካልተናገርኩ አለች። ተነሳች። እኔ ያን ሰሞን ያሳለፍኩት ሁሉ ቀርቶ ያስደነገጠኝ የተናገረችው ነው።

"ልጅቱን አትንኳት" አለች። "ኖራው ደህና ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ድብልቁን የሠራሁት እኔ፣ አፈሩን ያየሁት እኔ። ስሜን ከደብተሯ ትፋቀው።"

መነሳቴን አላስታውስም። ድምፄን ስሰማ ግን ቆሜያለሁ። አራት ጆንያ ወስጃለሁ አልኩ። ለድንች። አመድ ሞልቼ መለስኩት አልኩ። ጠርጥራ ጠይቃኝ ነበር፣ ውኃ ነክቶት ነው ብዬ ዋሸኋት አልኩ። ከኋላ አንድ ሰው ቀስ ብሎ "አምላኬ" ሲል ተሰማኝ።

ማናለብሽ ወደኔ መጣች። ትመታኛለች ብዬ ነበር፤ ብትመታኝ ደስ ይለኝ ነበር።

"ስንት አልክ?"

"አራት።"

"የትኛው ጋ ነው የገባው?"

"በድንበራችን በኩል። አሥሩ እርምጃ።"

"ሌላው ጋስ? እውነቱን ንገረኝ።"

"ሌላውን አልነካሁም እታለም። አርባ አራቱ ኖራ ነው።"

ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆየች፤ ባሬላዎቹን እየቆጠረች ነበር። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠች። አለቀሰች። ዮርዳኖስ ሮጣ ስትይዛት ማናለብሽ እጇን አጥብቃ ያዘቻት፤ ፊቷን ሳይ የደስታ ልቅሶ ነው።

"ልክ ነበር" አለቻት። "ሰማሽ ልጄ? ልክ ነበር።"

ቤት አፍርሼባታለሁ፤ እሷ እንደተሾመ ሰው ታለቅሳለች።

ሰዉ ግን ዝም አላለም። ከዕድር ይውጣ ያለ አለ፣ ለፖሊስ ይሰጥ ያለ አለ። ክንዴም ስሜን ሊጽፍ ወረቀት አወጣ። ቢጽፈውም አይከፋኝም ነበር። ማናለብሽ ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ ከተቀመጠችበት፣ "መንገዱ ሲከፈት የሚመጣው ኖራ እሱ መጋዘን ይቀመጥ" አለች።

ሰዉ ያበደች መሰለው። ክንዴ "ማነው እሱ?" አላት።

"እንግዳው። እናንተ አራት ጆንያ ምን እንደሚያደርግ በወሬ ነው የሰማችሁት። እሱ አይቶታል።" ከዚያ ወደኔ ዞረች፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። "ጣቴ ነግሮኝ ነበር እኮ። ጣቴን ትቼ አንተን አመንኩ።"

ነጠላዋን አራግፋ ተነሳች። ሰዉም እያጉረመረመ እሺ አለ።

ሽማግሌዎች ተቀምጠው ከላይኛው መሬቴ ላይ ቤት መሥሪያ ቦታ ሰጠኋት፤ እምቢ ማለት አሳፍሮኝ ሳይሆን ፈልጌ ነው። ግንዱን እኔ ቆርጬ እኔ አቆምኩት፣ ጣራውን እኔ መታሁት። ምርጊቱን ግን አላስነካችኝም። ጭቃውን ለብቻዋ ረግጣ፣ አሳድራ፣ በሁለት ሳምንት ጨረሰችው። የእንጅባራው ሰውም ተመልሶ መጥቶ ወሰዳት።

ጥር ላይ መንገዱ ተከፈተና ለሠላሳው አባወራ የመጀመሪያ ዙር ሁለት መቶ አሥር ጆንያ ኖራ መጣ። መጋዘኔ ውስጥ ተደርድሯል፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ጠዋት ጠዋት ማናለብሽ ከተሸካሚዎቹ ጋር ትመጣለች። ቤት ግቢ ስንላት አትገባም፤ ለውብአየሁ ሰላምታ ሰጥታ መጋዘኑ በር ላይ ትቆማለች። ጆንያ አውጥቼ ፊቷ አስቀምጣለሁ። አፉን ራሷ ትፈታለች። እጇን ሰድዳ ታወጣና በጣቶቿ ታሸዋለች፤ የምታየው ጣቷን ነው፣ እኔን አይደለም። ከዚያ "ውሰዱ" ትላለች። ቀጥሎ ሌላው ይወጣል።

አንድ ጠዋት መታገሥ ቢያቅተኝ፣ "ይሄ ደህና ነው እታለም፣ ትናንት አይቼዋለሁ" አልኳት። እንዳልተናገርኩ ሁሉ አፉን ፈታች፣ እጇን ሰደደች። ዛሬ መቶ ሠላሳ ሁለተኛውን ወሰደች። እስካሁን አንዱንም በኔ ቃል አልተቀበለችም።